ምዕራፍ ስምንት፦ ጆንያው ሲወርድ ድንጋዩ ይቀራል

አንድ ጆንያ ገብስ ይዞ ጮሌ ገበያ የሚወርድ የአርሲ ደገኛ ገበሬ አለ እንበል። አህያው አንድ፣ ጆንያውም አንድ ነው። በአንድ ጎን ብቻ አንጠልጥሎ ከነዳው ኩርታኑ ይዞርና ገብሱ ጭቃ ላይ ይዘረገፋል። ስለዚህ በወዲያኛው ጎን ስልቻ ሙሉ ድንጋይ ያንጠለጥላል፤ መጫኛውንም ጠበቅ አድርጎ ያስራል። አሁን ጭነቱ ሚዛን ያዘ። አህያው ሸክሙ ቢበዛበትም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ገበያ ደርሶ ጆንያውን ብቻ ያወረደ ዕለት ግን ጉድ ይፈላል። ያን ሁሉ መንገድ ጭነቱን አቅንቶ የመጣው ድንጋይ አሁን ራሱ ይጎትታል፤ ኩርታኑ ተገልብጦ ከሆድ ሥር ይገባል፤ አህያው ይወራጫል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሙሉ እዚህ ላይ አለ። ጆንያው ኦፒየምና ዘመዶቹ ናቸው፦ ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል። ድንጋዩ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በበኩሉ የሚጭነው ማካካሻ ነው። ሰው መድኃኒቱን ባቆመ ማግስት የሚያሠቃየው ይኸው ድንጋይ ነው፤ ማገገም የምንለውም ድንጋዩ አንድ በአንድ የሚራገፍበትን ጊዜ ነው።

በምዕራፍ ሦስት የነርቭ ሕዋሳት በኬሚካል መልእክተኞች እንደሚነጋገሩ፣ እያንዳንዱ መልእክተኛም የራሱ ተቀባይ እንዳለው አይተናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ ዶፓሚን የሚባለው መልእክተኛ «ይህ ይጠቅማል፣ ድገመው» የሚል ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍ ተነጋግረናል። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን ስንቅ ይኸው ነው።

በእኛ አገር በየት በኩል ይገባል?

ሱስ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን ጫትና አረቄ ነው። የአገራችን ትልቁ ጣጣም እነሱ ናቸው። ጫት ምርቃናና ጨዋታ ይዞ፣ አረቄ ደግሞ ድግስና ብርድ አሳብቦ ይገባል። የኦፒየም ወገን መግቢያው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሕመም ተከትሎ ይመጣል። የተሰበረ አጥንት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር፣ አልለቅ ያለ የወገብ ሕመም በር ይከፍቱለታል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች በየፋርማሲው ስሙ የሚታወቀው ትራማዶል ነው። ግሩነንታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠርቶት በ1977 ለገበያ አቀረበው። ከሞርፊን የለዘበ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ሲወሰድ ስንቱን ሕመምተኛ እንቅልፍ ያስተኛ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለአዋቂ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በቀን 400 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የአይሱዙ ሾፌር እናስብ። ከአሰላ ስንዴ ጭኖ አዳማ የሚመላለስ ነው። እግሩ ተሰብሮ ታከመ፤ ትራማዶል ታዘዘለት፤ አጥንቱም ገጠመ። ከክኒኑ ጋር የመጣውን ነገር ግን ወደደው። ድካሙ ይቀለዋል፣ ሐሳቡ ይረግብለታል፣ የሌሊት መንገዱም ያጥርለታል። ማዘዣው ሲያልቅ በሚያውቀው ሰው በኩል ይገዛ ጀመር። መጀመሪያ 2 ፍሬ ይበቃው ነበር። ከወራት በኋላ ሁለቱ ምንም አልል አሉት። 4 አደረገው፤ ከዚያ 8፤ ከዚያ 16።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ያው ክኒን፣ ያው ሰው ነው። ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ?

አንጎል የራሱ ማስታገሻ አለው

መልሱን ለማግኘት ከአንድ አሮጌ እንቆቅልሽ እንጀምር። ኦፒየም ፖፒ የሚባለው አበባ ፍሬ ሲጫር የሚንጠባጠብ ነጭ ፈሳሽ ነው። ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪሽ ሰርቱርነር በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ሞርፊንን ከውስጡ ለይቶ አወጣ። የአበባ ፈሳሽ የሰውን ሕመም እንዴት ሊያጠፋ እንደቻለ ግን ከዚያ በኋላም ከ160 ዓመት በላይ በውል አልታወቀም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሞርፊን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች አሳዩ። ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የሰው አንጎል የአበባ ፈሳሽ ይመጣልኛል ብሎ ተቀባይ አያዘጋጅም፤ ስለዚህ በእነዚህ ተቀባዮች ላይ የሚያርፍ የራሱ ነገር ሊኖረው ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ በስኮትላንድ አበርዲን ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ያንን ነገር ከአሳማ አንጎል ውስጥ አወጡት። ኤንኬፋሊን አሉት። ቆይቶ ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊን የተባሉ ወንድሞቹ ተጨመሩ።

የአርሲ ሰው ይህን ነገር ስሙን ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል። የበቆጂና የአሰላ ልጆች ዳገቱን ሲወጡ እግራቸው ሲቃጠል ቆይቶ የሆነ ሰዓት ላይ ሕመሙ ይርቃል፣ ደስ የሚል ነገርም ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሙኒክ የአንጎል ምስል ጥናት ሁለት ሰዓት የሮጡ ሯጮች አንጎል ውስጥ የሰውነት የራሱ ማስታገሻ እንደሚለቀቅ አሳይቷል።

የሰውነት ማስታገሻ ግን ቁጥብ ነው። በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይለቀቅና ወዲያው ይፈራርሳል። ክኒኑ ወይም መርፌው ያን ቁጥብነት አያውቅም። ተቀባዮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጥለቀልቃቸዋል፤ ለሰዓታትም አይለቃቸውም። ከአቅም በላይ የሆነ ጆንያ በአንድ ጎን ተጫነ ማለት ነው።

ድንጋዩን ማን ጫነው?

አንጎል ከምንም በላይ ሚዛን ይወዳል። በአንድ ጎን ሲጫኑበት በሌላው ጎን ይጭናል። ማካካሻውን የሚያኖርባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ተቀባዮቹ ላይ ነው። ያለ ዕረፍት ሲጠሩ ይደክማሉ፤ ግማሾቹ ከሕዋሱ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ የቀሩትም ለጥሪው እንደ ቀድሞው አይመልሱም። ሾፌራችን ከ2 ፍሬ ወደ 16 የወጣው ለዚህ ነው። ሐኪሞች መላመድ ይሉታል። ጆንያው በከበደ ቁጥር ድንጋይ ይጨመራል፤ ድንጋይ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጆንያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለች፣ ሎኩስ ሴሩለስ የምትባል ሰማያዊ መልክ ያላት ትንሽ ስፍራ ናት። ሥራዋ ሰውን ማንቃትና ማስጠንቀቅ ነው። በሌሊት ኮሽ ሲል ልብ የሚመታው፣ ላብ የሚያሰምጠው በእሷ ነው። ኦፒየም እሷን ዝም ያሰኛታል፤ የሾፌሩ ሐሳብ የሚረግበውም በዚህ ነው። ዝም የተባሉት ሕዋሳት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ውስጣዊ ኃይላቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ መድኃኒቱ እየተጫናቸውም ቢሆን ሥራቸውን ለመሥራት ይታገላሉ።

ሦስተኛው ዶፓሚን ላይ ነው። በየቀኑ የሚጎርፈው ደስታ ከልክ ሲያልፍ አንጎል የደስታን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ዝቅ የሚያደርገው ግን የክኒኑን ብቻ አይደለም፤ የቡናው ሽታ፣ የልጅ ሳቅ፣ የበዓል ዋዜማ ሁሉ አብረው ይደበዝዛሉ። ቤተሰብ «ልቡ ከእኛ ጋር የለም» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። በእርግጥም የለም፤ ነገር ግን ጥሎን ሄደ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሚዛን ለመጠበቅ የተጫነው ድንጋይ ተጭኖታል።

ከሦስቱ አንዱም የአንጎል ብልሽት አይደለም። አንጎል ሥራውን በትክክል በመሥራቱ የመጣ ነው። «ወኔ ቢኖረው ይተወው ነበር» የሚለው ፍርድም ይህን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ጆንያው የወረደ ዕለት

ሾፌራችን አንድ ቀን ቆረጠ። የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመረው። ማግስቱን ያዛጋ ጀመር። አፍንጫው ፈሰሰ፤ ሳያለቅስ እንባው ወረደ፤ ጠጉሩ ቆመ፤ ላቡ ቀዘቀዘ። ሆዱ ተቆረጠ፤ ተቅማጥ ያዘው። ሌሊት እግሩ አልቀመጥ አለ፤ ልቡ ያለ ምክንያት ፈራ።

እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ብናያቸው እያንዳንዳቸው የመድኃኒቱ ተቃራኒ ናቸው። መድኃኒቱ ሆድ ያደርቃል፤ አሁን ሆድ ይፈታል። መድኃኒቱ የዓይን ብሌንን ያጠባል፤ አሁን ይሰፋል። መድኃኒቱ ያረጋጋል፤ አሁን ሰው ይባንናል። በሽታው መድኃኒቱ ትቶት የሄደው ክፍተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ወደ ቀድሞ ጤንነቱ በተመለሰ ነበር። ግን ድንጋዩ ብቻውን ቀርቷል፤ ስለዚህ ወደ ወዲያኛው ጎን ይጥለዋል። ያቺ ሰማያዊ ስፍራ ለወራት ያጠራቀመችውን ኃይል ከልካይ በሌለበት ትለቀዋለች።

በሄሮይን ይህ ሥቃይ ለመጨረሻ ጊዜ ከተወሰደ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይቀላል። ትራማዶል ዘግየት ብሎ ይጀምራል። በተጨማሪም ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን መልእክተኞች ስለሚነካ አንዳንዱ ሰው ከባድ ድንጋጤ ይይዘዋል፣ የሌለ ነገር ያያል።

እዚህ ላይ ሱስን ሁሉ በአንድ ዓይን አለማየት ይጠቅማል። ጫት ያቆመ ሰው እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ይከፋዋል፣ በሌሊት ዱካክ ይመጣበታል፤ ሐራራው ቢያንገላታውም ለሕይወቱ አያሰጋውም። የኦፒየም ወገንን ያቆመ ጤነኛ አዋቂ «ሞትኩ» ቢልም፣ ፈሳሽ ካላለቀበት በስተቀር ከሥቃዩ ይተርፋል። ለብዙ ዓመት አረቄ በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ሊንዘፈዘፍና ሊሞት ይችላል፤ እሱ ያለ ሐኪም ማቆም የለበትም።

የሆንግ ኮንጉ መርፌ

ይህን ሥቃይ ከቻይና በላይ በብዛት ያየ አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ሊን ዜሹ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ከእንግሊዝ ነጋዴዎች የተነጠቀውን ከ20 ሺህ ሣጥን በላይ ኦፒየም ሁመን በተባለ የባሕር ዳርቻ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከጨውና ከኖራ ጋር አሟሟው፤ ወደ ባሕርም ለቀቀው። የመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት ተከተለ። በጦርነቱ ቻይና ተሸነፈች፤ አጫሹም በዛ። ሱሱ በበዛበት መድኃኒት አለኝ ባይ አይጠፋምና ማስተዊያ ክኒን በየገበያው ይቸበቸብ ነበር። ከእነዚያ ክኒኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ኦፒየም ወይም ሞርፊን ነበረባቸው። በሽተኛው ዳንኩ ሲል ጆንያ ለውጦ ብቻ ይሄድ ነበር።

የመርፌው ታሪክ የሚጀምረው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ በሆንግ ኮንግ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ኤች ኤል ዌን ቀጫጭን መርፌዎችን በጥቂት ኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ የቀዶ ሕክምናን ሕመም ማስታገስ ይቻል እንደሆነ ይመረምር ነበር። ከሕመምተኞቹ መካከል የኦፒየም ሱሰኛ የነበረ ሰው ነበረ። መርፌው ጆሮው ላይ ከተተከለ በኋላ ሰውየው ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግለት ሌላ ነገር ተናገረ፤ የሐራራው ሥቃይ ለቀቀኝ አለ። ዌን በሌሎች ሱሰኞችም ሞክሮ ውጤቱን በ1973 አሳተመ። ነገሩ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በብሮንክስ የሚገኘው የሊንከን ሆስፒታል በጆሮ አምስት ነጥቦች ላይ መርፌ የመትከል ዘዴ አዳበረ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

መርፌ እንዴት ሐራራን ያስታግሣል? ይህን በመመርመር ዕድሜያቸውን የፈጁት የቤጂንጉ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሃን ጂሸንግ ናቸው። መርፌ ከተተከለባት ጥንቸል አንጎል አካባቢ ፈሳሽ ቀድተው መርፌ ላልነካት ሌላ ጥንቸል ሰጡ። የሁለተኛዋም ሕመም ቀለለ። ስለዚህ መርፌው በሰውነት ውስጥ ኬሚካል ያስለቅቃል ማለት ነው። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት የመርፌውንም ማስታገሻነት ሲቀንስ ተገኘ። ሃን በመጨረሻ እንዳሳዩት፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 2 ጊዜ ሲመታ በዋናነት ኤንኬፋሊንና ኢንዶርፊን፣ 100 ጊዜ ሲመታ ደግሞ ዳይኖርፊን ይለቀቃል። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ በአበርዲን የተገኘው የአንጎል የራሱ ማስታገሻ ሆነ።

ይህ ሕክምና ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከቻይና የሄናን ግዛት የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የተሠራው በቻይና እርዳታ ነው። ስሙ የተወሰደው ከበቆጂዋ ልጅ ከጥሩነሽ ዲባባ ነው፤ በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀችውን። እዚያ የቻይና ሐኪሞች ይህንኑ የመርፌ ሕክምና፣ አኩፓንክቸርን፣ ለሕመም ሲሰጡ ኖረዋል።

ከመርፌው ጎን የሚጠቀሰው ዕፅ ኮሪዳሊስ ነው። ቻይናውያን ሥሩን ለሕመም ከጥንት ጀምረው ይጠቀሙበታል። በውስጡ ያለው ዋና ንጥረ ነገር የዶፓሚንን ጥሪ ያለዝባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ሄሮይን ባቆሙ 120 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ንጥረ ነገሩን የወሰዱት ከሦስት ወር በኋላ ሳይመለሱ የቆዩት 47.8 በመቶ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት ግን 15.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘገበ። ተስፋ የሚሰጥ ነው። ይሁንና ይኸው ንጥረ ነገር ያለበት፣ ጂን ቡ ኋን የሚባል ክኒን በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሰዎችን ጉበት እንዳቆሰለ ተመዝግቧል። ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይቻልም።

መርፌውም ቢሆን ልኩ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 620 የኮኬይን ሱሰኞች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ገሚሶቹ ትክክለኛው የጆሮ ነጥብ ላይ ተተከለላቸው፣ ሌሎቹ ሌላ ቦታ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ የሚያዝናና ፊልም እያዩ እንዲያርፉ ተደረገ። ሦስቱም ወገን እኩል ወጣ። ኮኬይን እንደ ኦፒየም አይደለም፤ የኢንዶርፊኑን በር አይጠቀምም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። መርፌ የሰውነትን የራሱን ማስታገሻ በመጥራት ያን ክፉ ሳምንት ሊያቀል ይችላል። ዘንበል ያለውን ኩርታን ለጥቂት ሰዓት ደገፍ ያደርጋል፤ ድንጋዩን ግን አያወርድም።

ታዲያ ማን ያወርደዋል?

ራሱ አንጎል ነው። ጆንያው እንደማይመለስ ሲገባው የጫነውን መልሶ ያራግፋል። ሁሉም ድንጋይ ግን በአንድ ቀን አይወርድም። ፈጥኖ የሚቀለው የሰማያዊዋ ስፍራ ጩኸት ነው፤ ተቅማጡ፣ ላቡ፣ እንባው በአሥር ቀን ገደማ ይበርዳሉ። እንቅልፍ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ወራት ይወስዳል። ከሁሉም የሚዘገየው የደስታ ድምፅ ነው።

ይህን መዘግየት ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ በሌላ ሱስ፣ በሜታምፌታሚን ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ ከዕፁ የራቁ ሰዎችን አንጎል ዳግመኛ ሲያነሱት፣ ተጎድቶ የነበረው ዶፓሚን አጓጓዥ ክፍል በእጅጉ አገግሞ ተገኘ። የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተናቸው ግን በዚያው ልክ አልተሻሻለም። አካሉ ቀድሞ ይመለሳል፤ ሥራው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ለሾፌራችን ይህ ምን ማለት ነው? በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይበላል፣ «ዳንኩ» ይላል። ሰዎችም «ተመስገን» ይላሉ። ውስጡ ግን ምንም አይጥመውም። ቡናው ቡና አይደለም፤ ጨዋታው ጨዋታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሥቃዩን ችሎ ያለፈ ሰው ድብርቱን መቻል ያቅተዋል፤ ድብርቱ የቀረ ድንጋይ መሆኑን የነገረው የለማ።

ለዚህ ነው ዘመናዊ ሕክምና ጆንያውን በአንድ ጊዜ ማውረድን ትቶ ቀስ በቀስ ማቅለልን የመረጠው። በኒው ዮርክ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር እ.ኤ.አ. በ1965 ሜታዶን የተባለውን ቀን ሙሉ የሚቆይ መድኃኒት ለሄሮይን ሱሰኞች መስጠት እንደሚጠቅም አሳተሙ። የሚወጣና የሚወርደው ጆንያ በማይነቃነቅ ጆንያ ይተካል፤ ከዚያ አንድ ጣሳ ከዚህ፣ አንድ ድንጋይ ከዚያ ይቀነሳል። አንዳንዱ ሰው ለዓመታት ይቆይበታል፤ ሥራውን እየሠራ፣ ልጁን እያሳደገ። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የመርፌው አገር ቻይናም ብትሆን በ2004 የሜታዶን ክሊኒኮች መክፈት ጀምራለች።

አህያው መንገዱን ያውቃል

ድንጋዩ ሁሉ ከወረደ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። በዚያ መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ አህያ ማንም ሳይነዳው ወደ ለመደው ገበያ ይታጠፋል። አንጎልም በዶፓሚን ትእዛዝ ያጠናውን መንገድ አይረሳም። ያቺ ፋርማሲ ያለችበት ጥግ፣ መናኸሪያው፣ የሌሊቱ ጉዞ፣ አብሮ የሚውጠው ጓደኛ፤ አንዳቸው ብቅ ሲሉ ሐራራው ከሩቅ ይነሣል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ከቬትናም ጦርነት የመጣ ነው። ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኞች ሆነው ነበር፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጥፋት ይመጣል ተብሎ ተፈራ። ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ ተከታትላ ስታጠና በቬትናም ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ ሱስ የያዛቸው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው አገኘቻቸው። አንጎላቸው ያው ነበር። የተለወጠው መንገዱ ነበር፤ ሄሮይኑን የሚያስታውሳቸው ጫካም፣ ጓድም፣ ፍርሃትም አገር ቤት አልነበረም።

ጸበል ገብተው ሱስ የተዉ ሰዎችን የምናውቅ ሁሉ አንዱን ምክንያት ከዚህ ልናገኘው እንችላለን። ምእመኑ የእምነቱን ድርሻ ያውቃል፤ ያ የእሱ ነው። ከአንጎል በኩል ብናየው ግን ሰውየው ሰፈሩን ትቶ ለሳምንታት ይርቃል፤ በሰዓቱ ይነሣል፣ በሰዓቱ ይተኛል፤ አብረውት የሚታገሉ ሰዎች ያገኛል። አህያው የሚታጠፍበት ጥግ በሌለበት ድንጋዩ የሚወርድበት ጊዜ ተገኘለት። ጸበሉና ክኒኑ መጣላት እንደሌለባቸውም በእንጦጦ ታይቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አገልጋዮች ተባብረው በመሥራታቸው ሕሙማን ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ሆኗል።

ባዶ ጀርባ ላይ የድሮው ጆንያ

አሁን ከሁሉም አስፈላጊ ወደሆነው ነገር ደረስን። ሾፌራችን ሦስት ወር ቆየ እንበል። ድንጋዩ አብዛኛው ወርዷል። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ተገናኘና «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ የድሮውን 16 ፍሬ ዋጠ። ያኔ 16 ፍሬ የሚችለው በወዲያ ጎን 16 የሚያህል ድንጋይ ስላለ ነበር። ዛሬ ድንጋዩ የለም። ከባድ ጆንያ በባዶ ጀርባ ላይ በአንድ ጎን ወደቀ። ትራማዶል በዚህ መጠን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ የኦፒየም ወገን ሁሉ ደግሞ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ሲበዛም ያቆማል።

ከማገገሚያ ወይም ከእስር ቤት የወጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት የሚሞቱት በዚህ ነው። ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ፣ ቢጠሩት የማይነቃ ሰው ካያችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እዚያ ቀደም ብለን ያነሳነው ናሎክሶን ተቀባዮቹን አስለቅቆ ትንፋሹን ሊመልስ ይችላል።

ሕክምናን በምን እንመዝን?

መርፌም፣ ዕፅም፣ ጸበልም፣ ሜታዶንም በአንድ ጥያቄ ይመዘኑ፦ በአሥረኛው ቀን ሰውየው ምን ሆነ ብለን ሳይሆን፣ በስድስተኛው ወር የት ነው ብለን እንጠይቅ። በሳምንት አድናለሁ የሚል ማንም ቢሆን፣ ነጭ ጋውን ቢለብስም ባይለብስም፣ የሚያወራው ስለ ጆንያው ብቻ ነው።

ትራማዶል ለወራት የወሰዳችሁ ካላችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ሐኪም መጠኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል። ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ከዚያ አሰላ ወዳለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችኋል። የታማሚ ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ ጠበቅ ያለውን ክትትል ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አትጨርሱት። ሰውየው ተነሥቶ መሄድ ከጀመረ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው እናንተን የሚፈልገው።